ጋምቤላ ላይ ማን ፈቀደ? ማን ከለከለ?

ግልጽ ደብዳቤ
ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሩቅ አነስተኛ ማረፊያዎች የሚሰጠውን የማረፊያ ፈቃድ ይመለከታል

ክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

ኅዳር 13 ቀን 2009 ዓ.ም. ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የሆነውን መሥሪያ ቤቱ ከማንም በላይ ስለሚያውቀው ታሪኩን ከሥሩ መተረክ አያስፈልግም። ከግሪክ ደሴት ከቀርጤስ ተነሥተው፣ ግብፅንና ሱዳንን አቋርጠው፣ ወደ ኬፕታውን የሚጓዙ ወደ 20 የሚጠጉ አውሮፕላኖች ነበሩ። የሚበዙት እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የተሠሩ ባለ ድርብ ክንፍ ናቸው። አብራሪዎቹና አብረዋቸው የነበሩት ሰዎች ከማረፊያው እንዳይወጡ ተደረገ። ስልካቸውና ላፕቶፓቸው ተወሰደ። የባለሥልጣኑ የዚያን ጊዜ የበላይ ኃላፊ ሰዎቹ ያለ ፈቃድ እንደገቡና ጉዳዩ በጸጥታ አካላት እየተጣራ እንደሆነ ለውጭ ዜና ወኪል ተናገሩ። ሁለት ቀን ያህል ከቆዩ በኋላ ተለቀቁና ወደ ኬንያ በረሩ።

በዚያው ሰሞን ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንድ ብሪታኒያዊ አብራሪ ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ ሲበሩ ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር። የሚያውቋቸው ሰዎች ወድቀው ይሆናል ብለው ተጨነቁ። በመጨረሻ የተገኙት ጋምቤላ፣ በቁጥጥር ሥር ነው። አውሮፕላን ጠፋ ሲባል ሰዓት ይቆጠራል፤ ፍለጋ ይታሰባል፤ ቤተሰብ እንቅልፍ ያጣል። «በሕይወት አሉ፤ እኛ ዘንድ ናቸው» የምትል አንዲት መልእክት እንዳትተላለፍ የሚከለክል ምርመራ ምን ዓይነት ምርመራ ነው? ይህ ጥያቄ የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ ነው፤ ፍርዱ ግን የአንባቢው ነው።

ሰዎቹ በእርግጥ ያለ ፈቃድ ገብተው ከሆነ በየትኛው ሕግ ተጠየቁ? በየትኛውስ ሕግ ተለቀቁ? በከፊል ፈቃድ ኖሯቸው ከሆነ፣ አንዱ መሥሪያ ቤት የሰጠውን ሌላው ለምን አላወቀውም? በዝግታ የሚበሩ አውሮፕላኖች ድንበር ተሻግረው እስኪያርፉ ድረስ በሬዲዮ ያነጋገራቸው ማን ነው? ምንስ አላቸው? እነዚህ ጥያቄዎች የአገር ምስጢር አይነኩም። አንድ ገጽ የማይሞላ መግለጫ ይመልሳቸው ነበር።

የጊዜውን ክብደት የሚክድ የለም። ያ ወር አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር የነበረችበት ነው። በጋምቤላ ደግሞ ሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ድንበር ተሻግረው የመጡ ታጣቂዎች ከ200 በላይ ሰዎች ገድለው፣ ከመቶ በላይ ሕፃናት ይዘው ሄደዋል። ሐዘኑ ገና ትኩስ በሆነበት ምድር ላይ በሰማይ የሚመጣ እንግዳ ነገር ቢያስደነግጥ አይገርምም። ነገር ግን አካባቢው አስጊ ከሆነ፣ ማን እንደሚመጣ፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣና በማን ፈቃድ እንደሚመጣ በማረፊያው ዙሪያ የቆመው ዘብ ከማንም በፊት ሊነገረው ይገባ ነበር። የጸጥታ ሥጋቱ የፈቃዱን አሠራር ይበልጥ ጥብቅና ግልጽ እንዲሆን ያስገድዳል እንጂ ለዝምታ ሰበብ አይሆንም።

«ጋምቤላን ምን አስመረጣቸው?» የሚል ሰው ካለ መልሱ ካርታው ላይ አለ። ታይገር ሞዝን የመሰለ አሮጌ አውሮፕላን 130 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይዞ፣ በአንድ ሙሌት 500 ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይደርስ ነዳጁ ያልቅበታል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። አየሩ ስስ ነው፤ ወደዚያ ለመድረስም ተራራ መውጣት ግድ ነው። ጋምቤላ ግን 500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከደጋው ግርጌ፣ ለጥ ባለው ሜዳ ላይ ነው። ከሱዳን ወደ ኬንያ ለሚወርድ ደካማ ሞተር የሚያዋጣው መንገድ ይኸው ነው። ነዳጁም ሌላ ጣጣ አለው። እንዲህ ያሉ አውሮፕላኖች የሚጠጡት አቭጋስ የሚባለውን የአውሮፕላን ቤንዚን ነው እንጂ ጄቶች የሚጠቀሙበትን ነጭ ጋዝ መሰል ነዳጅ አይደለም። በሩቅ ማረፊያ አቭጋስ ስለማይገኝ አስቀድሞ በበርሜል ተጭኖ መድረስ አለበት። ማረፊያውን በመጨረሻው ሰዓት መለወጥ የማይቻለውም ለዚህ ነው።

ሕጉም ቢሆን ግራ አያጋባም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1947 ያጸደቀችው የቺካጎ ስምምነት በመጀመሪያው አንቀጽ እያንዳንዱ አገር በሰማዩ ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ያውጃል። በ5ኛው አንቀጽ የጊዜ ሰሌዳ የሌላቸው በረራዎች እንዲስተናገዱ ያዝዝና፣ ለመድረስ አስቸጋሪ በሆኑ ወይም በቂ የበረራ መምሪያ አገልግሎት በሌላቸው አካባቢዎች ልዩ ፈቃድ የመጠየቅ መብትን ለአገሮች ይተዋል። 10ኛው አንቀጽ ደግሞ የጉምሩክ ማረፊያ ተብለው የተለዩ ቦታዎች ዝርዝር ታትሞ ለዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እንዲደርስ ግዴታ ይጥላል። መከልከል መብት ነው። ክልከላውን በጊዜና በግልጽ ማሳወቅ ደግሞ ግዴታ ነው፤ በዚህ ላይ መሥሪያ ቤቱም የሚከራከር አይመስልም።

ይህ የሀብታም ፈረንጆች ሽርሽር ጉዳይ ብቻ ነው የሚል አንባቢ ካለ ሚያዝያ 26 ቀን 2012 ዓ.ም. በሶማሊያዋ በርዳሌ የሆነውን ያስታውስ። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት የሕክምና ዕርዳታ የጫነ የኬንያ አውሮፕላን ወደዚያች ትንሽ ማረፊያ ሲቃረብ በኢትዮጵያ ወታደሮች ተመትቶ ወደቀ። የነበሩበት 6 ሰዎች ሁሉ አለቁ። ሠራዊቱ በኋላ ለአፍሪካ ኅብረት በሰጠው መግለጫ ስለ በረራው አስቀድሞ የተነገረው ነገር እንዳልነበረና አደጋው የመረጃ ልውውጥ ጉድለት ውጤት መሆኑን አመለከተ። በርዳሌ የባለሥልጣኑ ሰማይ አይደለም፤ ጥፋቱም የእርሱ አይደለም። ግን በወረቀት ላይ ያለ በረራና በሜዳው ላይ የቆመ ወታደር ሳይተዋወቁ ሲቀሩ ምን እንደሚከተል ከዚህ በላይ ማስረጃ አይገኝም። ጋምቤላ ላይ የተከፈለው ዋጋ የሁለት ቀን እንግልት ብቻ መሆኑ እድል ነው።

ጎረቤት ኬንያም ድንበር አላት፤ የድንበር ሥጋትም አለባት። ሆኖም የናይሮቢው ዊልሰን ማረፊያ የትንንሽ አውሮፕላኖች ማዕከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የተጀመረው የአምሬፍ የበረራ ሐኪሞች አገልግሎትም ከዚያ እየተነሣ መንገድ በሌለበት ሜዳ ላይ ያርፋል፤ በሽተኛ ያነሣል።

ኢትዮጵያ ለዚህ ዓይነት በረራ እንግዳ አይደለችም። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ ሲያርፍ፣ በነሐሴ 1921 ዓ.ም.፣ የተዘጋጀ ማረፊያ የሚባል ነገር ብርቅ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታቭ ፎን ሮዘን በቀይ መስቀል አውሮፕላን ቁስለኞችን ሲያመላልሱ ያረፉት በሜዳ ላይ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ረሃብ ሲገባ ተመልሰው ከትንንሽ አውሮፕላን ላይ እህል ጣሉ፤ ሐምሌ 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ ተገደሉ። ጂንካም አዲሱ ማረፊያ እስኪሠራላት ድረስ አውሮፕላን የምትቀበለው በከተማዋ መሃል በነበረ የሣር ሜዳ ነው። መኪና የማይደርስበት ወረዳ ላይ ምጥ የያዛትን እናት ለማሰብ አብራሪ መሆን አያስፈልግም። ለእርሷ 800 ሜትር የተደለደለ ሣር ሆስፒታል ማለት ነው።

ስለዚህ ባለሥልጣኑ በአክብሮት የሚጠየቀው በመጀመሪያ ስለ ጋምቤላው ጉዳይ የተሟላ የጽሑፍ ማብራሪያ ለሕዝብ እንዲሰጥ ነው፤ ጥፋቱ የእንግዶቹ ከሆነ ጥፋታቸው ይነገር፤ የእኛ ከሆነ ይቅርታ ይጠየቁ። ቀጥሎ የማረፊያ ፈቃድ ማመልከቻ በአንድ መስኮት ይስተናገድ። የመከላከያ፣ የደኅንነት፣ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ ፊርማዎች ከመስኮቱ በስተጀርባ ይሰብሰቡ እንጂ አመልካቹ በየቢሮው አይንከራተት። መልሱ በታወቀ ቀን ይሰጥ፤ እምቢታም ቢሆን ምክንያቱ ተጽፎ ይሰጥ። የተሰጠው ፈቃድ ቅጂ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት በማረፊያው ላለው የጥበቃ ኃላፊ እጅ ይድረስ። ያለ ፈቃድ ያረፈ ሰው ቢኖርም ለቤተሰቡና ለኤምባሲው የሚደውልበት ስልክ በመጀመሪያው ሰዓት ይሰጠው።

ጥያቄው በዚህ አያበቃም፤ ማብቃትም የለበትም። ለእንግዳ የጠበበው በር ለባለአገሩም ጠቧል። የሁሉም አነስተኛ ማረፊያዎች ዝርዝር፣ የመንደርደሪያቸው ርዝመት፣ የወለላቸው ሁኔታና የነዳጅ አቅርቦታቸው በአማርኛም ታትሞ በየጊዜው ይታደስ። የቆዩ የሣር ማረፊያዎች ቤት ሳይሠራባቸው ይከለሉ። በጋምቤላ፣ በጂንካና በጎዴ አቭጋስ የሚቀመጥበት ዘዴ ይፈለግ። የሕክምና በረራ የማረፊያ ፈቃድ በደቂቃዎች እንዲሰጥ የተለየ ሥርዓት ይበጅ። ትንንሽ አውሮፕላን ማብረር የሚመኙ የአገሪቱ ወጣቶችም በክበብ ተደራጅተው በአቅማቸው የሚማሩበት ደንብ ይውጣ። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም መሥሪያ ቤቱን ጠርቶ በእነዚህ ነጥቦች ላይ ሕዝብ በሚሰማበት ስብሰባ እንዲያነጋግር ይጠየቃል።

ከአክብሮት ጋር

ግልባጭ፦
ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት
ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
ለጋምቤላ ሕዝቦች ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት