ገጣጣ ነው ብላችሁ ትራምፔቱን አትንጠቁት

"እስቲ አፍህን ክፈት!"

ትራምፔት ሊማር የመጣ ልጅ በብዙ አገር መጀመሪያ የሚሰማው ይህንን ነው። የባንድ አስተማሪው ጎንበስ ብሎ የፊት ጥርሱን ያያል። ጥርሱ በሥርዓት ከተሰለፈ ትራምፔት ይሰጠዋል። ገጣጣ ከሆነ፣ ጥርስ በጥርስ ላይ ከደረበ ወይም የታችኛው መንጋጋው ወደ ኋላ ከቀረ ግን "አንተ ከበሮ ይሻልሃል" ይባላል። ልጁ ሊማር የመጣው ከበሮ አይደለም። ግን ማን ጠየቀው?

በቅሎ ገበያ ላይ ጥርስ አይቶ መግዛት ያስኬዳል፤ የበቅሎዋ ዕድሜ የሚታወቀው በጥርሷ ነውና። የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋች ግን እንዲህ አይመረጥም።

ሲጀመር ጥርስ ለነፋሽ ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። ያደርጋል። በትራምፔት፣ በትሮምቦን፣ በሆርንና በቱባ ድምፁን የሚፈጥረው የከንፈር መርገብገብ ነው፤ የናሱ ቱቦ ያንን ያጎላዋል፣ ቅላጼም ይሰጠዋል። ከንፈር ደግሞ ሥጋ ነው፤ ብቻውን አይቆምም፤ ከኋላው የሚደግፈው ጥርስ ነው። ተጫዋቹ ማውዝፒሱን ከንፈሩ ላይ ሲያሳርፍ ከንፈሩ በብረትና በጥርስ መካከል ይያዛል። አንድ ጥርስ ወደ ፊት ከወጣ ወይም ጠርዙ ከዞረ ክብደቱ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ያርፋል። ከንፈር ከውስጥ ይቆረጣል፣ ያብጣል። ልጁ ህመሙን ለመሸሽ ሳያውቀው ማውዝፒሱን ወደ ጎን ያንሸራትታል። ከፍ ያሉ ድምፆች እምቢ ይሉታል፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይደክማል። አስተማሪው ይህን "ስንፍና" ይለዋል።

ችግሩ ግን ከመሣሪያ መሣሪያ ይለያያል። የትራምፔት ማውዝፒስ የውስጥ ስፋቱ ከ16 እስከ 17 ሚሊሜትር ገደማ ነው። እዚህ ላይ የአንድ ጥርስ መዛነፍ ትልቅ ጉዳይ ነው። የትሮምቦኑ ወደ 25 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ የቱባው ከ30 ያልፋል። ሰፋ ባለ ቁጥር ክብደቱ ብዙ ጥርሶች ላይ ይከፋፈላል፤ አንዲቱ አመጸኛ ጥርስ ትረሳለች። ስለዚህ በትራምፔት የተቸገረ ልጅ በትሮምቦን ሊያምርበት ይችላል። ከናስ መሣሪያ ሁሉ አባርሮ ወደ ከበሮ መላክ ግን ሌላ ነገር ነው።

የመንጋጋው ነገር ደግሞ አለ። የታችኛው መንጋጋው ወደ ኋላ የቀረ ሰው ትራምፔቱ ወደ መሬት ያዘነብላል። የታችኛው መንጋጋው የወጣ ሰው መሣሪያው ቀና ይልበታል። ይህ ተፈጥሮ ነው። ሰልፍ ላይ ግን የመሣሪያዎቹ አፍ ሁሉ በአንድ መስመር እንዲታይ ስለሚፈለግ "ቀና አድርግ!" የሚል ትእዛዝ ይመጣል። መንጋጋው ወደ ኋላ የሆነው ልጅ ትእዛዙን ለመፈጸም አንገቱን ወደ ኋላ መስበር ይኖርበታል፤ ጉሮሮው ይጠባል፣ ድምፁ ይታነቃል። ከዚያ "ጥርሱ ነው፤ ድሮም ብለን ነበር" ይባላል። ለዓይን ሲባል ጆሮ ተሠዋ ማለት ይህ ነው።

የሺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ዋና ሆርን ተጫዋች የነበረው ፊሊፕ ፋርካስ ስለ ናስ መሣሪያ አነፋፍ የጻፋቸው መጻሕፍት በዓለም ዙሪያ ይታወቃሉ። በ1962 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ነፋሽ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት አውጥቶ የላይና የታች ጥርሱን ማስተካከል፣ ትንፋሹንም ቀጥ አድርጎ መልቀቅ አለበት ብሎ አስተምሮ ነበር። ከዚያ የ40 ስመ ጥር ሆርን ተጫዋቾችን አፍ ፎቶ አንስቶ በ1970 መጽሐፍ አደረገው። ፎቶዎቹ ያሳዩት ሌላ ነው፤ አብዛኞቹ ትንፋሹን የሚለቁት ቀጥታ ሳይሆን ወደ ታች ነበር። የአፋቸው አቀማመጥም አንድ ዓይነት አልነበረም። እነዚህ ሰዎች በዓለም ትልልቅ ኦርኬስትራዎች ውስጥ የሚጫወቱ ናቸው። በጥርስ ምርመራ ቢመረጡ ስንቶቹ ያልፉ ነበር?

የአሜሪካዊው የጃዝ ትራምፔት ተጫዋች ቼት ቤከር ታሪክ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ ይገልጠዋል። ቤከር ልጅ ሳለ አንድ የፊት ጥርሱን አጥቷል። በዚያ ክፍተት ትራምፔት ተማረ፤ በዚያው ክፍተት በ1950ዎቹ ስሙ ገነነ። በ1966 እ.ኤ.አ. ተደብድቦ ጥርሱ ሲጎዳ ግን መጫወት አቃተው፤ በኋላም ሰው ሠራሽ ጥርስ አስገብቶ ከንፈሩን እንደ አዲስ ማስተማር ነበረበት። ወደ መድረክ እስኪመለስ ዓመታት ፈጁ። ክፍተቱ አልጎዳውም፤ የጎዳው ለውጡ ነው። ከንፈር የለመደውን ጥርስ ነው የሚያውቀው፣ ጠማማም ይሁን ቀና።

ለእኛ ይህ ጨዋታ አይደለም። ዘመናዊ ሙዚቃችን የተወለደው ከናስ ነው። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ አግኝተው ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች የናስ ባንድ ነበሩ። ከእነሱ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች መጡ፤ ዛሬም በየታክሲው የምንሰማቸው የድሮ ዘፈኖች ትራምፔታቸው ቢወጣ ግማሽ ይቀራሉ። ከዚያም በፊት መለከት ነበረን፤ እሱም የሚነፋው በከንፈር ነው። የእድር ጡሩምባ ነፊውንም አንርሳ። ገና ጎህ ሳይቀድ ሰፈሩን የሚቀሰቅሰው ሰው ጥርሱ ስንት እንደቀረ ጠይቆ የሚያውቅ የለም፤ ጡሩምባው ግን ሦስት መንደር ይሰማል።

ጥርሳችንን ደግሞ እኛው እናበላሸዋለን። ሕፃን ሲያተኩሰው ወይም ሲያስቀምጠው "የወተት ጥርስ ነው" ተብሎ ድዱ ተቆርጦ ያልበቀለ ጥርስ የሚነቀልበት ልማድ በየቦታው አለ። ከሥሩ ያለው የቋሚ ጥርስ እንቡጥ አብሮ ይጎዳል፤ በኋላ የሚበቅለው ይጣመማል ወይም ሳይበቅል ይቀራል። ከፍ ሲልም ያመመው ጥርስ ይነቀላል እንጂ አይሞላም፤ ጎረቤቶቹ ወደ ባዶው ቦታ ይንሸራተታሉ። እንዲህ አድርገን ያጣመምንበትን ልጅ ነው በአሥር ዓመቱ "ጥርስህ አይሆንም" የምንለው።

"ታዲያ ሽቦ ያስገባ" የሚል አይጠፋም። ሽቦው ለብዙ ቤተሰብ የማይቀመስ ነው፤ ያ አንድ ነገር ነው። አቅም ያለውም ቢሆን ማወቅ ያለበት አለ። ሕክምናው ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብረቱ ከንፈርን ከውስጥ ይልጣል፤ ለዚህ የጥርስ ሐኪሞች የሚሰጡት ሰም አለ። ከፍ ያሉት ድምፆች ለጊዜው ይጠፋሉ። ሽቦው ሲወጣም እንደገና መልመድ አለ። ስለዚህ ፈተና ወይም ትልቅ ዝግጅት ሊደርስ ሲል አይገባም፣ አይወጣምም። ሐኪሙም ታካሚው ነፋሽ መሆኑን ከመጀመሪያው ይወቅ። ጥርሱ ሳያስቸግረው በደንብ የሚጫወት ተማሪ ግን ለመልክ ብሎ ከመነካካቱ በፊት ደጋግሞ ያስብበት። ፍንጭት ውበት በሆነበት አገር ለመልክ መቸኮልም ይገርማል።

ለአስተማሪዎች የሚቀርበው ጥያቄ ከባድ አይደለም። ልጁ ሦስት አራት ዓይነት ማውዝፒስ ይሞክር፤ ጥቂት ሳምንታት ይሰጠው፤ ማውዝፒሱ ከመሐል ትንሽ ፈቀቅ ቢልም ድምፁ ጥሩ ከሆነ ይተው። ውስጡ ከቆሰለ ስለታም ጠርዙን ሐኪም ሊያለሰልስለት ይችል እንደሆነ ይጠየቅ። ከዚያ በኋላ በጆሮ ይፈረድ።

ለባንዶችና ለኦርኬስትራዎች ደግሞ ሌላ አለ። በውጭ አገር ጠንቃቃ ነፋሾች ጥርሳቸው ጤነኛ ሳለ የፊት ጥርሳቸውን ቅርጽ በጄሶ አስወስደው ያስቀምጣሉ። አንድ ቀን ወድቀው ጥርሳቸው ቢሰበር ሐኪሙ ያንን አይቶ እንደነበረው ይሠራዋል፤ ጠማማው ከነጠማማነቱ፣ ክፍተቱም ከነክፍተቱ። የአንድ ትራምፔት ተጫዋች እንጀራ ያለው እዚያች የፊት ጥርስ ላይ ነው። ባንዶቻችን ለዩኒፎርምና ለናስ ማወልወያ በጀት ይይዛሉ። የጥቂት ነፋሾችን ጥርስ በጄሶ ማስወሰድ ከአንድ ትራምፔት ዋጋ በታች ነው።