በመጸው ወራት የሚያልፉትን አዳኝ አዕዋፍ ስለ መቍጠር

ከብት አርቢ ማታ በበረቱ በር ቆሞ ከብቱን ይቈጥራል። የሚቈጥረውም በብዛቱ ለመደሰት ሳይሆን የጐደለውን ለማወቅ ነው። ትናንት ያልቈጠረ ሰው ዛሬ የጠፋበትን ሊያውቅ አይችልም። ይህ በከብት ዘንድ የታወቀው ጥበብ በሰማይ ለሚያልፈው ሀብትም የተገባ ነው፤ ይኸውም ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ካለፈ በኋላ ከእስያና ከምሥራቅ አውሮፓ ተነሥተው ወደ ኢትዮጵያ የሚገቡት ንስሮች፣ ጭላቶችና ጭልፊቶች ናቸው።

ከነዚህ አዕዋፍ የሚበዙቱ ክንፈ ሰፊዎችና ከባዶች ስለ ሆኑ ረጅሙን መንገድ ክንፍ በማርገብገብ ብቻ ሊጨርሱት አይችሉም። ፀሐይ ምድርን ባሞቀች ጊዜ ከመሬት በሚነሣው ሙቅ አየር ላይ እየዞሩ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያም ክንፋቸውን ዘርግተው እየተንሳፈፉ ወደ ፊት ይሄዳሉ። በባሕር ላይ ግን እንዲህ ያለው አየር እምብዛም ስለማይገኝ ባሕሩ የሚጠብበትን ስፍራ ይፈልጋሉ። ከዐረብ ምድር ወደ አፍሪቃ ለሚሻገሩት ይህ ስፍራ ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ ነው።

በ1980 ዓ.ም. ከመስከረም 22 ቀን እስከ ጥቅምት 29 ቀን ድረስ በጂቡቲ በኩል በተደረገው ቍጥር ከ246,000 የሚበልጡ አዳኝ አዕዋፍ ሲሻገሩ ታይተዋል። ከነዚህም ውስጥ 98,000 ያህሉ ባዛርድ የሚባሉት ጭላቶች፣ ከ76,000 የሚበልጡት ደግሞ በሩስያና በመካከለኛው እስያ ሣራማ ሜዳ የሚፈለፈሉት ንስሮች ነበሩ። ከወሽመጡ እስከ አፋር ሜዳና እስከ አዋሽ ሸለቆ ያለው መንገድ ለንስር ሩቅ አይደለም። ዳሩ ግን የአንድ ዓመት ቍጥር የቱንም ያህል ታላቅ ቢሆን ሀብቱ መጨመሩን ወይም መቀነሱን ብቻውን አይናገርም።

ባላገሩ ግን፣ «ጭልፊት ጫጩት ነጣቂ ነው፤ ቢጠፋስ ማን ይጐዳል?» ይል ይሆናል። በመንደር ዳር የሚኖረው ጭልፊት ጫጩት መንጠቁ እውነት ነው። ከሩቅ የሚመጡት ግን በብዛት የሚመገቡት አይጥ፣ ፌንጣ፣ አንበጣና ከዝናብ በኋላ ከመሬት የሚፈላውን አሸን ነው፤ ንስሩም ግሪሳ ወፍ በሚራባበት ስፍራ ጫጩቶቹን ይበላል። ይህም ማለት አንበጣንና ግሪሳን የመከላከል ሥራ ለንስር ይተው ማለት አይደለም፤ ያለ ደመወዝ የሚያግዝን ሠራተኛ በከንቱ ማጥፋት የተገባ አይደለም ማለት ነው።

በዚህ ነገር የተሳሳተ መንግሥትም ነበረ። በአሜሪካ የፔንሲልቫንያ ግዛት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1929 ዓ.ም. ከጭልፊት ወገን አንዱን ለገደለ ሰው 5 ዶላር እንዲከፈል ወስኖ ነበር። ሰዎችም በመጸው ወራት በተራራ ጫፍ ላይ ተቀምጠው የሚያልፈውን ሁሉ ይተኵሱ ነበር። በ1934 ዓ.ም. ግን ሆክ ማውንቴን የሚባለው ተራራ ጥብቅ ስፍራ ሆነ፤ በጠመንጃም ፈንታ ደብተር ተያዘና ቍጥር ተጀመረ። ከ1935 እስከ 1939 ዓ.ም. ከታዩት ራሰ ነጭ ንስሮች ከመቶው 40 ወጣቶች ነበሩ፤ ከ1955 እስከ 1959 ዓ.ም. ግን ከመቶው 20 ብቻ ሆኑ። በ1957 ዓ.ም.ማ ለ32 ጎልማሶች አንድ ወጣት ብቻ ታየ። ንስር ዕድሜው ረጅም ስለ ሆነ ጎልማሶቹን ብቻ ያየ ሰው ሁሉ ደኅና ነው ሊል ይችል ነበር፤ ዕድሜን ለይቶ የጻፈው ደብተር ግን መውለድ መቋረጡን ገለጠ። ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ የእንቍላሉን ቅርፊት የሚያሳሳው ዲ.ዲ.ቲ. የተባለው የተባይ መርዝ መሆኑ ታወቀ፤ በአሜሪካም በእርሻ ላይ እንዳይረጭ በ1972 ዓ.ም. ተከለከለ።

በዚህ በአፍሪቃ ምሥራቅም ጥፋት አለ። ለጅብ ተብሎ በጥንብ ላይ የሚደረግ መርዝ አሞራውንና ንስሩንም ይገድላል። በብረት ምሰሶ ላይ የሚያርፍ ንስርም ክንፉ ሽቦውን በነካ ጊዜ በኤሌክትሪክ ይሞታል። በፖርት ሱዳን አጠገብ የነበረው አንድ የኤሌክትሪክ መስመር ለብዙ ዓመታት ጥንብ አንሳዎችን ሲገድል ኖሯል፤ በምሰሶዎቹ ሥር ሬሳ የቈጠሩ ሰዎች ጉዳቱን ስለ ገለጡ በፈረንጅ አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. መስመሩ ተዘግቶ በሌላ ተተካ። ከእስያ የሚመጣው ያ ንስርም በ2015 ዓ.ም. የመጥፋት አደጋ ካለባቸው ወገን ተጽፏል።

እንግዲህ በመንገዳቸው ላይ ያለ የወረዳ የግብርና ሹም ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ አለለት። ዙሪያውን የሚያሳይ አንድ ኮረብታ ይመረጥ፤ በየዓመቱም ስፍራው አይለወጥ። ሁለት ሰዎች ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ይቀመጡ፤ አንዱ በመነጽር ይመልከት፣ ሌላው ይጻፍ። አዕዋፉ በሙቁ አየር ላይ ሲዞሩ የሚቈጥር ሰው አንዱን ሁለት ጊዜ ስለሚቈጥር፣ ዙረቱን ትተው በመስመር ሲሄዱ ይቈጠሩ። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ነፋሱና ደመናው፣ የወፉ ዓይነት፣ ቢቻልም ዕድሜው ይጻፍ። በኤሌክትሪክ ምሰሶ ሥር የወደቀም ቢገኝ ስፍራው ጭምር ይመዝገብ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ግን እውነተኛነት ነው። ዓይነቱ ያልታወቀው «ያልታወቀ» ተብሎ ይጻፍ፤ ምንም ያልታየበትም ቀን ባዶ መሆኑ ይመዝገብ። አለቃን ለማስደሰት የተጨመረ አንድ መቶ ንስር፣ ከሚመጡት ዓመታት የአንዱን እውነተኛ ጉድለት ይሸፍናል። ሹም ከወረዳ ወደ ወረዳ ይዛወራል፤ ደብተሩ ግን በጽሕፈት ቤቱ ቀርቶ የሚተካው ሰው ከዚያው ኮረብታ፣ በዚያው ወር፣ በዚያው ሰዓት ይቀጥል። የመጀመሪያው ገጽ በመጪው ጥቅምት ያልተጻፈ እንደ ሆነ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ምን ያህል እንደ ጐደለ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያገኝም።