የሕዋ መርከብ ለመሥራት ማይክሮፎን ይበቃል

የሳይንስ ልብ ወለድ በአማርኛ እንሥራ ሲባል ቶሎ የሚመጣው መልስ «በጀት የለም» ነው። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የሬዲዮ ማስታወቂያ እየቀዳሁ የምኖር ሰው ነኝና ይህን ሰበብ አልቀበልም። ካሜራ ለያዘ ሰው ይሠራ ይሆናል፤ ለጆሮ ለሚሠራ ግን አይሆንም።

ማስረጃዬ «ዶክተር ሁ» ነው። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1963 የጀመረው ይህ ከዘመን ዘመን የሚመላለስ «ዶክተሩ» የተባለ መንገደኛ ታሪክ በ1989 ከቴሌቪዥን ተቋረጠ። በ2005 እስኪመለስ ድረስ ካቆዩት አንዱ ቢግ ፊኒሽ የተባለው ኩባንያ ነው፤ ከ1999 ጀምሮ በድምፅ ብቻ አዳዲስ ጀብዱዎችን አወጣ። በ1996ቱ ፊልም ዶክተሩን የተጫወተው ፖል ማክጋንም ገጸ ባሕርይውን በደንብ ያሳደገው ማይክሮፎን ፊት ቆሞ ነው።

ገርጂ ቤቴ እስክደርስ መኪናው ሲቆምና ሲሄድ ከማዳምጣቸው የቢግ ፊኒሽ ድራማዎች ሁለቱን ላወዳድር። በ2001 የወጣው «ስቶርም ዋርኒንግ» በ1930 ፈረንሳይ ውስጥ በተከሰከሰችው አር 101 የአየር መርከብ ያሳፍረናል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ አጀማመሩ ግን ያደክማል። ዶክተሩ ያየውን ሁሉ ለራሱ ያወራል። እኛም ቤት ይህ በሽታ አለ፤ «ውይ! ያ ጥቁር መኪና በራችን ላይ ቆመ እኮ!» የሚል ተዋናይ ስንቴ ሰምተናል?

በቀጣዩ ዓመት የወጣው የሮበርት ሺርማን «ዘ ቻይምስ ኦፍ ሚድናይት» አድማጩን ያምናል። የገና ዋዜማ ነው፤ ሠራተኞች ያሉበት ትልቅ ቤት፣ የሚደውል ሰዓት፣ ሰዓቱ በደወለ ቁጥር የሚገኝ ሬሳ። በቃ። ለዚህ የሚያስፈልገው ጎበዝ ተዋንያንና ጸጥታን የማይፈራ አዘጋጅ ነው።

ጆሮውስ አለን? አለን እንጂ! ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን ፊታቸውን ሳናይ አውቀናቸዋል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. የተላለፈው የሬዲዮ ድራማ «የቀን ቅኝት» 257 ክፍል ሄዷል። ረጅም ተከታታይ የሚታገሥ አድማጭ ነበረን ማለት ነው። ያ ድራማ ስለ ኤች.አይ.ቪና ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ያስተማረው መልካም ነው። ችግሩ ከዚያ በኋላም የሬዲዮ ድራማ ስፖንሰር የሚያገኘው በአብዛኛው መልእክት ሲሸከም መሆኑ ነው። ለማስፈራት፣ ለማስደነቅ፣ «እንዲህ ቢሆንስ?» ለማለት ብቻ የተጻፈ ድራማ የሚገዛ የለም።

ስለዚህ ለጣቢያዎቻችን ሐሳብ አለኝ። በሳምንት 15 ደቂቃ ስጡ። የመጀመሪያው ታሪክ ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው የመጨረሻው ባቡር ማንም በማያውቀው ጣቢያ ሲቆም ይጀምር። የባቡሩን ድምፅ ለመቅዳት ትኬት መቁረጥ ይበቃል፤ ስቱዲዮውን እኔ በነጻ እሰጣለሁ። በጀት የለም የሚል ካለ ሒሳቡን ያሳየኝ።