ክብር ለሽኝት ቀን ብቻ አይቀመጥ

በአገራችን ኮሌጆች አንድ የቆየ ልማድ አለ። አንዲት መምህርት ወይም አንዲት የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሠላሳ ዓመት ያህል አገልግለው ጡረታ ሲወጡ አዳራሽ ይዘጋጃል፤ ጋቢ ይደረብላቸዋል፤ የምስክር ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ቡናና ዳቦ ይቀርባል። በማግሥቱ ቢሮው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ልማዱ መልካም ነው፤ ይቅር አንልም። ነገር ግን ለአንድ ዕድሜ አገልግሎት የአንድ ከሰዓት በኋላ ምስጋና ይበቃልን? እኛ አይበቃም እንላለን። አንድን ሰው ማክበር ማለት ያ ሰው ያቀናውን መንገድ ሣር እንዳይበቅልበት መጠበቅ ነው። በዚህ ርእሰ አንቀጽ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው የምንወደው ሐሳብ ይኸው ነው።

ይህን ለማስረዳት ምሳሌ ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልገንም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያገለገሉት ፕሮፌሰር ያለምፀሐይ መኰንን አሉልን። በሐዋሳ ከተማ፣ በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ተቀምጠን ስለ አንዲት የአራት ኪሎ መምህርት መጻፋችን የሚያስገርመው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን፤ ምክንያቱን ዝቅ ብሎ ያገኘዋል።

ፕሮፌሰር ያለምፀሐይ የአሰላ ልጅ ናቸው። የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪያቸውን በባዮሎጂ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከተቀበሉ በኋላ ለዶክትሬት ወደ ጀርመን አገር፣ ወደ ሃይድልበርግ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። በዚያም የሰው አካል እንዴት እንደሚሠራ የሚመረምረውን የፊዚዮሎጂ ትምህርት ፈጽመው ተመለሱ። «ተመለሱ» የምትለው ቃል አጭር ናት፤ ክብደቷን ግን የሚያውቅ ያውቀዋል። ይህን ማለታችን በውጭ አገር የቀሩትን ለመውቀስ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ምክንያት አለው። ነገር ግን በተማረበት ክፍል ተመልሶ ጠመኔ የሚያነሣ ሰው ባይኖር ኖሮ ዛሬ እኛን የሚያስተምረን ማን ይሆን ነበር?

ከማስተማሩም ሌላ ፕሮፌሰር ያለምፀሐይ የአክሊሉ ለማን የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት በዲሬክተርነት መርተዋል። ኢንስቲትዩቱ ስሙን ያገኘው ከዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1964 በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች፣ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ፤ ከዚያም ተነሥተው የእንዶድን ኀይል ለዓለም አስረዱ። እንግዲህ የዚህ ቤት ትምህርት በሕዝብ እጅ ያለውን ነገር ሳይንቁ መመርመር ነው።

አሁን ወደ ምክንያታችን እንመለስ። የፕሮፌሰር ያለምፀሐይ ምርምር ከእኛ አካባቢ የራቀ አይደለም። ከኮንሶ እርከኖች እስከ ጋሞ ቆላ ድረስ ሕዝቡ እንደ ጎመን ቀቅሎ የሚበላው ሽፈራው የተባለ ዛፍ አለ፤ በጋሞ በኩል ሃለኮ ይሉታል። የዚህ ዛፍ ቅጠል በደም ግፊትና በደም ውስጥ ባለው ስኳር ላይ ምን እንደሚሠራ ፕሮፌሰር ያለምፀሐይ ከባልደረቦቻቸውና ከተማሪዎቻቸው ጋር በላቦራቶሪ መርምረዋል። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ2002 ከአንድ ባልደረባቸው ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በአገራችን እርሻዎች ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጩ ሠራተኞች ስለሚይዙት መርዝ ምን እንደሚያውቁና ራሳቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ አጥንተዋል። ከባቱ እስከ ሐዋሳ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አጠገብ የአበባና የአትክልት እርሻ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ የሚሠሩት ሰዎች የብዙዎቻችን ወንድሞችና እኅቶች ናቸው። ስለዚህ ውለታው ለአዲስ አበባ ብቻ የተዋለ አይደለም።

አሁን አንድ ቁጥር እናቅርብ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ፕሮፌሰር ያለምፀሐይ ከኢትዮጵያውያት ሴቶች የመጀመሪያዪቱ ሙሉ ፕሮፌሰር የሆኑት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በመካከሉ 59 ዓመት አለ። ይህ ቁጥር ለእርሳቸው ምስጋና ነው፤ ለእኛ ለሁላችን ግን ጥያቄ ነው። አንድ ሕፃን ተወልዶ፣ ተምሮ፣ ሠርቶ ለጡረታ ለመድረስ የሚበቃው ዘመን ሁሉ አንዲት ሴት ወደዚያ ማዕረግ ሳትደርስ አለፈ። በእነዚያ ዓመታት የአእምሮ እጥረት አልነበረም። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት ግን በየቤቱ ነበረ፤ ዛሬም በየመኝታ ቤቱና በየሻይ ቤቱ በሳቅ መልክ ሲነገር እንሰማለን።

ወደ ከተማችን እንምጣ። የሐዋሳ እርሻ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1976 ተከፈተ፤ በኋላም ከወንዶ ገነትና ከዲላ ኮሌጆች ጋር ሆኖ ደቡብ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ ከ2006 ጀምሮ ደግሞ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ይጠራል። ከሲዳማ፣ ከወላይታ፣ ከጌዴኦ፣ ከሌላውም የአገሪቱ ክፍል ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ከተማችን የሚመጡት እኅቶቻችን ትምህርቱን የመቀበል ችሎታ ያንሳቸዋል ብለን አናምንም። ብዙ ጊዜ አንዲቱን ልጅ በመጀመሪያው ዓመት ከትምህርቷ የሚያስቀራት ሌላ ነገር ነው። የደብተርና የንጽሕና መጠበቂያ ገንዘብ ማጣት አንዱ ነው። ማታ ከቤተ መጻሕፍት ስትመለስ መንገዱ መጨለሙና ክፉ ቃል መሰማቱ ሌላው ነው። ከሁሉም የሚብሰው ግን ሲጨንቃት የምትጠይቀው ሰው አለመኖሩ ነው። የመግቢያ ነጥብን ለሴቶች ዝቅ ማድረግ በር ከፍቷል፤ ሆኖም በሩን ያለፈውን እንግዳ ተቀብሎ ማስቀመጥ ሌላ ሥራ ነው።

«በደመወዝ ለተሠራ ሥራ ይህን ያህል ምስጋና ለምን?» የሚሉ ይኖራሉ። ደመወዝ የሚከፈለው ለሰዓቱ ነው። ከሰዓቱ በኋላ ቆይታ ያልገባውን ተማሪ የምታስረዳውን መምህርት፣ የጠፋ ማኅደር እስኪገኝ ድረስ መዝገብ ቤት የምታመሸውን ሠራተኛ፣ የታመመች ተማሪ ይዛ ሌሊት ሐኪም ቤት የምትሄደውን ፕሮክተር ግን ማንም በደመወዝ ዝርዝር ላይ ጽፎ አላዘዛቸውም። የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ለጥቂቶች የሚደርስ ነው፤ የልብ አገልግሎት ግን በየቢሮው አለ። ፕሮፌሰር ያለምፀሐይን የምናነሣው እነዚህን ለመሸፈን ሳይሆን፣ በእርሳቸው ብርሃን እነዚህም እንዲታዩ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በየትምህርት ክፍሉ ያሉ ተማሪዎች፣ በዚሁ ኮሌጅ ተምረው በዚሁ የሚያገለግሉትን ሴቶች ስምና የአገልግሎት ዘመን ባለቤቶቹን አስፈቅደው ይጻፉ፤ ጡረታ እስኪወጡም አይጠበቅ። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ መጀመሪያ ከእነርሱ አንዲቱ በአዲስ ገቢ ተማሪዎች ፊት ቆመው ስለ መንገዳቸው አንድ ሰዓት ይንገሩን፤ ለጨነቃት ልጅ የምትጠይቀው ሰው የሚገኘው እንዲህ ነው። ሦስተኛ፣ ለሽኝት ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂት ተቀንሶ፣ በተሸኚዋ ስም ለአንዲት ችግረኛ ተማሪ መጽሐፍና ደብተር ይገዛበት። ጋቢው አንዲቱን ሰው ያሞቃል፤ መጽሐፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል።

መምህራኖቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን። የመጀመሪያው ፈተና ውጤት ዝቅ ያለባትን ልጅ ከሁለተኛው ፈተና በፊት ጠርተው ያነጋግሯት። ይህ በጀት አይጠይቅም፤ ፈቃድም አያስፈልገውም።

የመጀመሪያዪቱን ሴት ፕሮፌሰር ለማግኘት አገራችን 59 ዓመት ጠበቀች። ከዚህ ከተማ ለምትወጣው ልጅ ያን ያህል ዘመን እንዳይፈጅባት የምናደርገው ጥረት፣ ለፕሮፌሰር ያለምፀሐይም ሆነ በየቢሮው ስማቸው ሳይጠራ ለሚደክሙት እናቶቻችንና እኅቶቻችን የምንሰጠው ትክክለኛ ክብር ነው።