«እንደተጻፈ ይነበባል»? ማን አለ!
«ጣልያንኛ እንደተጻፈ ይነበባል» የሚለው የጀማሪ ማባበያ ውሸት ነው። ካ-ፒ-ታ-ኖ አራት ክፍለ ቃል አለው። ድምፁ «ካ» ላይ ከበረታ «ያጋጥማሉ»፣ «ታ» ላይ ከበረታ «ሻምበል» ማለት ነው፤ አጻጻፉ ግን አንድ! ምልክት የግድ የሚሆነው የመጨረሻው ክፍለ ቃል ሲበረታ ብቻ ነው። (አማርኛም ቢሆን የበዓሉን «ገና» ከ«ገና ነው» አይለይም።)

እንደተጻፈ የሚነበብ ቢሆን፣ የአገሪቱ ብሮድካስት ራይ በ1969 እ.ኤ.አ. የአጻጻፍና የአነባበብ መዝገበ ቃላት ለምን አሳተመ?

«ጆሮ ይለምደዋል» ይላሉ። የሮም ልጅ አዎ፣ ከእናቱ ሰምቶ። ከ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ዜግነት ለመጠየቅ ቢ1 የሚባለውን የቋንቋ ደረጃ አሟላ የተባለው ስደተኛ ግን ብዙውን ቃል መጀመሪያ የሚያገኘው ወረቀት ላይ ነው። መዝገበ ቃላት ላይ ያለው ምልክት ለጀማሪ በሚታተም መጽሐፍ ሁሉ ይግባ።