መንግሥትና የገበሬው ደጃፍ

በአርሲ ምድር፣ ከአሰላ በስተደቡብ በገብስና በስንዴ ደጋ ላይ የተቆረቆረችው ሳጉሬ፣ መንግሥት በዜጋው ኑሮ እስከ ምን ድረስ ሊገባ ይገባዋል ለሚለው ጥያቄ ከብዙ ድርሳናት ይልቅ ግልጥ ምስክር ናት። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን ርዳታ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ወደ አካባቢዋ ባመጣ ጊዜ ምርቱ በረከት ሆነ፤ ዳሩ ግን በትራክተር ማረስ የሚያስገኘውን ትርፍ ያየ ባለርስት ጭሰኛውን ከነቤተሰቡ ሲያፈናቅል፣ ለደካማው ጋሻ ሊሆን የሚገባው የጭሰኛ ሕግ ረቂቅ በምክር ቤት ተዳፍኖ ቀረ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ይህን ሐራነት መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን ያው ሰንሰለት የበጠሰ የመንግሥት እጅ፣ የአርሲን ገበሬ እህሉን በተቆረጠ ዋጋ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እንዲያስረክብ አስገደደው፣ ዐሥር ዓመት ያህል ቆይቶም ከአያቱ ቀዬ አንሥቶ በመስመር በተሰለፈ መንደር አሰፈረው። (የጎጆውን ስፍራ እንኳ ከውሃውና ከነፋሱ ይልቅ የባለሥልጣኑ ገመድ ይወስን ነበር።) በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ በታወጀ ጊዜ፣ ብዙው ገበሬ አዛዥ ሳይጠብቅ መንደሩን አፍርሶ ወደ ጥንት ቀዬው ተመለሰ።

እኛ መንግሥት ይራቅ አንልም፤ በአሰላ አጠገብ ያለውን የቁሉምሳን የስንዴ ምርምር፣ መንገዱንና ፍርድ ቤቱን ማን ይጠላል? የምንሻው፣ ምን እንደሚዘራና ለማን እንደሚሸጥ የመወሰኑ ሥልጣን ለባለ እርሻው እንዲጸናለት ነው።