የማያመው እብጠት

ከመተማ ማዶ፣ ገላባትን አልፎ የሚዘረጋው የገዳሪፍ ሜዳ በሰሊጥና በማሽላ አዝመራው የታወቀ ነው። በአጨዳ ወራት የእኛም ሰው ድንበሩን ተሻግሮ ይሠራበታል። በዚህ ሳምንት የቤተሰብ ማዕዘናችን የሚያነሣው በዚያ አፈር ላይ በባዶ እግሩ የሚውለውን ሰው ስለሚያጠቃው ማይሴቶማ ስለሚባለው በሽታ ነው።

በሽታው ብዙውን ጊዜ በእሾህ ውጊያ እንደሚጀምር ይታመናል። እሾሁ ተነቅሎ ይረሳል፤ በቁስሉ የገባው ተሕዋስ ግን ከቆዳ ሥር ይራባል። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ እብጠት ይወጣል፤ ተበስቶም ጥቃቅን ፍሬ ያለበት ፈሳሽ ያፈሳል። ክፋቱ አለማመሙ ነው፤ ያላመመው ሰው ወደ ሐኪም አይሄድም። አጥንቱ ከተበላ በኋላ የመጣ አጫጅ እግሩን፣ ከእግሩም ጋር የልጆቹን እንጀራ ሊያጣ ይችላል።

ይህ አንድ ሐኪም ብቻውን የሚወጣው ሥራ አይደለም። ላቦራቶሪው ፈንገስ ይሁን ባክቴሪያ ካልለየ መድኃኒቱ ይሳሳታል፤ ለባክቴሪያው አሚካሲንና ኮትሪሞክሳዞል፣ ለፈንገሱ ኢትራኮናዞል ይታዘዛልና። ራጅና አልትራሳውንድ ጥልቀቱን ያሳያሉ። ቀዶ ሐኪሙ ሳይመካከር ቢቸኩል ቅሪቱ እንደገና ያቆጠቁጣል። (በሰው ሠራሽ ጉልበት ላይ ኢንፌክሽን ሲገባም ቀዶ ሐኪሙ፣ የላቦራቶሪው ባለሙያና መድኃኒት አዋቂው ተመካክረው መሥራታቸው ግድ ነው።)

እ.ኤ.አ. በ1991 በካርቱም የተቋቋመው የማይሴቶማ ምርምር ማዕከል እነዚህን ባለሙያዎች በአንድነት አሰልፎ ነበር። በ2017 በዚያ በተጀመረ ጥናት 104 ሕሙማን ለ12 ወራት መድኃኒት ሲወስዱ፣ ቀዶ ሕክምናው የተመደበው በ6ኛው ወር ነበር። በየቀኑ የሚዋጠው ኢትራኮናዞል በሳምንት አንድ ቀን ከሚወሰደው ፎስራቩኮናዞል ጋር ተነጻጸረ። ከሐኪም ቤት ርቆ ለሚያጭድ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። በ2023 የተነሣው ጦርነት ግን ማዕከሉን አወደመው፤ እኛም እንደ ጎረቤት አዝነናል።

የጦሩ ቤተሰቦች ሆይ! ከቆላ የተመለሰ ባል ወይም ወንድም በእግሩ ላይ የማያመው እብጠት ቢኖር በምላጭ እንዳይነካካው አደራ እንላለን። እብጠቱ ስለ ጎደለም ክኒኑን በገዛ ፈቃዱ አያቁም፤ ሕክምናው ዓመትና ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል፤ ቀኑን ቆጥሮ የሚያስታውሰውም የቤት ሰው ነው። በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ካልቻለ፣ በአዲስ አበባ አለርት፣ በደሴ አጠገብም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በቆዳ ሕክምናቸው የታወቁ ናቸው።